የታመመች አህያ እና ንጹሕ እጃችን

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንላለን። ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ግድ የሌለውን ሰው የምንነቅፍበት ተረት ነው። ነቀፋው ይሁን፤ ተገቢ ነው። የሚገርመኝ የተናጋሪዋ ምርጫ ነው። በሬ ሲያረጅ ይታረዳል፤ ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይለፋል። በግና ፍየል እርጅናን ሳያዩት ይሄዳሉ። ፈረስ ቢሞት እንኳ የጌታው የፈረስ ስም ሆኖ በፉከራ ይነሳል። አህያ ግን አትበላም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የተስማማበት ነገር ነው። ስለማትበላ አትታረድም። ስለማትታረድ እስክትወድቅ ትሠራለች። ከወደቀች በኋላስ?

ከወደቀች በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጮክ ብለን ግን አንናገረውም። ጭነቷ ይወርዳል፣ ገመዷ ይፈታል፣ ወደ ከተማው ዳር ትነዳለች። መንዳት ካልተቻለ ትጎተታለች። ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይመሻል። ጠዋት ማንም «ገደልኳት» አይልም። «ጅብ በላት» ነው የሚባለው። እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰዋስው ስናስተምር «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?» ብለን እንጠይቃለን። የዚህኛው ባለቤት ጅብ ነው። የአህያዋ ባለቤት ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። ከእንግዲህ የማይጠቅመንን፣ ምናልባትም የማይድነውን እንስሳ የማስታመም ዕዳ አለብን ወይ? ካለብንስ እስከ የት ድረስ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ አህያ ሳይሆን ዓሣ ነው ብል ትስቁ ይሆናል። አሜሪካ የምትኖር የእህቴ ልጅ ቤታ የሚባል ዓሣ ነበራት። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው፤ ከጣት አይበልጥም። ሁለት ወንዶች አንድ ዕቃ ውስጥ ከገቡ ስለሚፋለሙ ተዋጊ ዓሣም ይሉታል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። እናላችሁ፣ የልጅቷ ዓሣ ታመመ። ሆዱ ተነፋ፤ ቅርፊቱ ከገላው ተነጥሎ ቆመ። ይህ ምልክት ሲታይ ብዙውን ጊዜ ኩላሊቱ ተጎድቷል ማለት ነውና የሚተርፈው ጥቂት ነው። እሷ ግን ለብቻው ዕቃ ሰጠችው፤ ውኃውን 26 ዲግሪ ላይ እያሞቀች፣ በየቀኑ እየቀየረች፣ መድኃኒት እየለካች ሰነበተች። እናቷ በስልክ «ለዓሣ! ሰው እዚህ ጦሙን እያደረ!» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ደወለች። «ጋሼ፣ እውነት ቅንጦት ነው እንዴ?»

ቶሎ አልመለስኩላትም። ስለ ዓሣው የነገረችኝ አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቤታ እንደ ብዙዎቹ ዓሦች ከውኃው ውስጥ በሚያገኘው አየር ብቻ አይኖርም፤ ወደ ላይ ብቅ እያለ እንደኛው አየር ይስባል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ በሚሞትበት ጠባብና አየር ባነሰው ውኃ ውስጥ እሱ ለጊዜው ይቆያል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ኩባያ በምታክል ፕላስቲክ ውስጥ አንድ አንድ እያደረገ ደርድሮ ይሸጠዋል። መቻሉ ፍርዱ ሆነበት ማለት ነው። ይህን ስሰማ አህያ ትዝ አለችኝ። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚሉት አህያ እንደ ፈረስ ሕመሟን ቶሎ አታሳይም፤ ትችላለች። መብላት አቁማ የተኛች ቀን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ርቆ ሄዷል። እኛ ደግሞ «ቻይ ናት» ብለን አንድ ኩንታል እንጨምርባታለን።

አሁን ወደ አሶሳ ልውሰዳችሁ፤ የዓሣው ጥያቄ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው እዚያ ነውና። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አህያ ጌጥ አይደለችም። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ከሰሉ፣ እህሉ፣ ማንጎው በእሷ ጀርባ ነው የሚሄደው። ታዲያ በዚህ አገር የቆላ ዝንብ አለ። በዓባይ፣ በዳቡስና በበለስ ሸለቆዎች ይኖራል፤ ደም ሲመጥ የገንዲን ተውሳክ ያስተላልፋል። ገንዲ በሬውንም አህያውንም አይምርም። ደም ያሳንሳል፤ እንስሳው እየበላ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ በመጨረሻም እግሩ ይከዳዋል። በአካባቢው በበሬ ማረስ ለዘመናት ሳይስፋፋ የቆየበት፣ ጉሙዙም በርታውም መሬቱን በእጅ መሣሪያ እየቆፈረ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ዝንብ ነው።

መድኃኒት የለውም እንዳትሉኝ፤ አለው። ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም የሚባሉት ሁለት መድኃኒቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ነገር ግን ከገበያ የተገዛ፣ በግምት የተበጠበጠ፣ ባልሠለጠነ እጅ የተወጋ መድኃኒት ተውሳኩን ሳይጨርሰው ያላምደዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት በመተከል ከብቶች ላይ ከአንድ በላይ መድኃኒት የማይበግረው ተውሳክ መገኘቱን ገልጿል። ዝንቡን ራሱን ለማጥፋትም ይሞከራል፤ ሰማያዊ ቀለም ስለሚስበው ፀረ ተባይ የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ይሰቀልለታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይህ ሁሉ ግን ስለ መንጋው ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ አንዷ ነው፤ መድኃኒቱ ላልያዘላት፣ ወይም ዘግይቶ ለደረሰላት።

በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ አዛውንት ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ፣ አሁን ምርኩዝ ይዘዋል። ለአሥራ አንድ ዓመት ውኃ ያመላለሰችላቸውን አህያ ገንዲ ያዛት። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ወጋት። ትንሽ ቀና አለች፤ ከወር በኋላ ተመልሳ ወደቀች። አዛውንቱ ዝንቡ እንዳያስቸግራት ጭስ አጨሱላት። ማዳበሪያ አለበሷት። መኝታው ጎኗን እንዳያቆስላት ገለባ አነጠፉ፣ ልጆች ጠርተው በቀን ሁለቴ አገላበጧት። ውኃዋንም ከቦኖ በባልዲ፣ በገዛ እጃቸው እየተሸከሙ አጠጧት።

«ጎረቤት አልሳቀም?» አልኳቸው።

«ሳቀ እንጂ! ‹አህያዋ ጌታ ሆነች፣ ጌታዋ አህያ ሆነ› ነው ያሉኝ።» ራሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው፣ «ልጄ፣ እሷ እኮ ናት ያጠጣችኝ። የታመመች ዕለት ውኃ ብነሳት አሥራ አንድ ዓመት የጠጣሁት ሁሉ አይጠይቀኝም? ወላሂ ይጠይቀኛል» አሉኝ።

በመጨረሻ መነሳት አቃታት። ጎረቤቶች «እንጎትትልህ፣ ሌሊቱ ይገላግላታል» አሏቸው። ባለሙያው ደግሞ «አባቴ፣ በመርፌ ላሳርፍልዎት፤ አትሠቃይም» አላቸው። አዛውንቱ ሁለቱንም እምቢ አሉ። «ነፍሷን የሰጣት ይውሰዳት።» እሳት አንድደው፣ ዱላ ይዘው፣ ጅብ እንዳይቀርባት ሦስት ሌሊት አጠገቧ አደሩ። በሦስተኛው ጎህ ሲቀድ ሞተች። ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሯት።

ይህን ታሪክ በጨዋታ መሐል ሳነሳ አድማጩ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ጻድቅ ሰው» ይላል፤ ግማሹ «ሥራ ፈት» ይላል። እኔ ግን ታሪኩ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ስላለ ለየብቻ ልያቸው እፈልጋለሁ። ማስታመሙ ትክክል ነበር ወይ? ሦስቱ ሌሊትስ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ አዛውንቱ የመለሱት በውለታ ነው። ክርክሩ የቆየ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ የሮማዊውን የካቶን ሕይወት ሲጽፍ ሰውየውን በብዙ ነገር እያደነቀ አንድ ቦታ ላይ ይቆምበታል። ካቶ ያረጁ ባሮቹን ይሸጥ ነበር፤ በጦርነት የተቀመጠበትን ፈረስ ደግሞ መንግሥትን የመርከብ ወጪ ለማዳን ሲል ስፔን ጥሎት መጥቷል። ፕሉታርክ ይህን ቁጠባ ሳይሆን ጭካኔ ይለዋል፤ እሱ ራሱ ያረሰለትን በሬ እንኳ ስላረጀ እንደማይሸጠው ይናገራል። ከአቴናም ምሳሌ ያመጣል። ለቤተ መቅደስ ሥራ ድንጋይ ሲጎትት የኖረ አንድ በቅሎ ነፃ ሲለቀቅ በራሱ ፈቃድ እየመጣ ከሚሠሩት እንስሳት ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ የአቴና ሰዎችም እስኪሞት በሕዝብ ወጪ እንዲቀለብ ወሰኑ ይላል። ሰፋሪው አዛውንት ፕሉታርክን አላነበቡም፤ አላስፈለጋቸውም።

ይሁንና ውለታ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ያስተማረኝ ዓሣው ነው። ቤታ ምን ሠራ? ውኃ አልቀዳ፣ እህል አልጫነ። በውለታ ሚዛን ዜሮ ነው። ታዲያ ለልጅቷ ምን ዕዳ ሆነባት? ከሐዲሶቹ አንዱ መልሱን በአጭሩ ይዞታል። አንዲት ሴት ድመት አሥራ እስክትሞት በማስራቧ ተቀጣች ይላል፤ የጥፋቷ ክብደት ያለው እሷም አላበላቻትም፣ ወጥታ የራሷን እንዳትፈልግም አልለቀቀቻትም በሚለው ላይ ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ጫካ ያለችው ድኩላ ብትታመም ያንተ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ዕቃ ውስጥ ያስገባኸው ዓሣ ግን ውኃውን ራሱ አይቀይርም። አፍንጫዋን በገመድ ያሰርካት አህያ ወደ ወንዝ በራሷ አትሄድም። ያንተ ሆነው የታመሙት ያንተ ስላደረግካቸው ነው። ውለታ ዕዳውን ያከብደዋል እንጂ የሚፈጥረው ጥገኝነቱ ነው፤ ጥገኛ ያደረግናቸው ደግሞ እኛ ነን። ለእህቴ ልጅም የመለስኩላት ይህንኑ ነው። ቅንጦቱ ዓሣውን መግዛቱ ነበር፤ ከገዙት በኋላ ማስታመሙ ግዴታ ነው።

ፈላስፋው ካንት በሌላ መንገድ ይመጣል። በታማኝነት ያገለገለህን ውሻ እስኪሞት ጠብቀው፤ ይህን የምታደርገው ግን ለውሻው ብለህ ሳይሆን ለሰው ያለህ ርኅራኄ እንዳይደነድን ብለህ ነው ዓይነት ክርክር አለው። ይህ አባባል እኛም ዘንድ የተወደደ ነው፤ «ለእንስሳ የራራ ለሰውም ይራራል» እንላለን። ቢሆን ደስ ባለኝ። ታሪክ ግን ዋስ አይሆነንም። የጀርመን ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በዓመቱ ሳይሞላ፣ ኅዳር 1933 እ.ኤ.አ.፣ በዘመኑ ጥብቅ የነበረ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። ከዚያ በሰው ላይ ያደረጉትን ዓለም ያውቀዋል። ስለዚህ ለአህያዋ የምንራራው ጥሩ ሰው ለመባል ወይም ጥሩ ሰው ለመሆን ልምምድ እንዲሆነን ከሆነ መሠረቱ አሸዋ ነው። የሚያማት እሷን ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን አንዱ አንባቢ ጋዜጣውን አጥፎ «በዚያ ክልል ስለ አህያ ታወራለህ?» እንደሚለኝ ይሰማኛል። እውነቱን ነው፤ ልናልፈው አይገባም። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በአንድ ቀን ጥቃት ከመቶ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ነፍሱን ይዞ ተሻግሯል። ሰው እንዲህ በሚሆንበት አገር የአህያ ሕመም ማንሳት ድፍረት አይሆንም ወይ? እኔ እንደማስበው ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል የጤፍ ቁና አይደለም። አዛውንቱ ለአህያቸው ባልዲ በመሸከማቸው የተጠማ ጎረቤት አልነበረም። የሰውና የእንስሳ ፍላጎት በእውነት የተጋጨ ዕለት፣ አንድ ባልዲ ብቻ የቀረ ዕለት፣ ለልጁ እንደሚሰጥ ማንም አይከራከርም። እኛ ግን አህያዋን የምንተዋት ባልዲው አንድ ሲሆን ብቻ አይደለም። ሦስት ባልዲ ሲኖርም እንተዋታለን፤ ከዚያ በሰው ችግር እናመካኛለን።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ወደ ሦስቱ ሌሊት። እነዚያ ሦስት ሌሊቶች የማን ነበሩ? ለአዛውንቱ የታማኝነት ሌሊቶች ናቸው። ለአህያዋ ግን የሥቃይ ሌሊቶች ናቸው፤ መርፌው ቢኖር አይኖሩም ነበር። ይህን ብዬ አዛውንቱን አላንስም፤ እምነታቸውን ይዘው የከፈሉትን ከፍለዋል። ነገር ግን ከፋዩ እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

የእህቴ ልጅም እዚሁ ቦታ ደርሳ ነበር። ዓሣዋ ወደ ላይ ብቅ ብሎ መተንፈስ ሲያቅተው የእንስሳት ሐኪም አማክራ፣ በቅርንፉድ ዘይት አስተኝታ እንዳይነቃ አደረገችው። «ጋሼ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችኝ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው የምፈልገው። ጄ. ኤም. ኩትዚ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው «ዲስግሬስ» ልቦለድ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ የሥነ ጽሑፍ መምህር ባለቤት ያጡ ውሾች በመርፌ በሚያርፉበት ክሊኒክ ይረዳል። ሥራው ከሞታቸው በፊት አቅፎ መያዝ ነው፤ ከሞቱም በኋላ ሬሳቸው በአካፋ እንዳይደበደብ ራሱ ወደ ማቃጠያው ይወስዳቸዋል። ለብዙ ዓመታት ይህን መጽሐፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ምን ይጠቅማል? ሞተዋል እኮ» ይሉኝ ነበር። ጥቅሙን ማስረዳት ይቸግራል። ሰውየው ግን ፊቱን አላዞረም፤ ይህ ብቻውን ብዙ ነው።

እንግዲህ በወደቀች አህያ ፊት ሦስት መንገድ አለ። አዛውንቱ እጃቸውን ከደም አንጽተው፣ ዓይናቸውን ገልጠው አደሩ። የሐኪሙን መርፌ የሚፈቅድ ሰው እጁ ንጹሕ አይሆንም፤ ዓይኑ ግን ተገልጧል። ሦስተኛው፣ የብዙዎቻችን መንገድ፣ እጅንም ንጹሕ አድርጎ ዓይንንም ጨፍኖ ወደ ቤት መግባት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ጥሩ ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ። እኔ ወደ መርፌው አደላለሁ፤ አዛውንቱ ግን ቢያከብሩኝም አይስማሙም። ሦስተኛው ግን ከእነሱ ጋር በአንድ መደብ የሚቀመጥ አይደለም። መተው ራሱ ውሳኔ ነው፤ ግድያውን ለጅብ አከራይተን እኛ ምስክር እንኳ አልሆንም ያልንበት ውሳኔ።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የቻይናውያን የአህያ ቄራ ነዋሪው ተቃውሞ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። ቆዳው ለባህላዊ መድኃኒት ወደ ቻይና ሊላክ ነበር። የካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ለቆዳ ሲባል የሚደረገውን የአህያ እርድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ። ደግ አደረጉ፤ አህያ ያጣ ድሃ ጀርባው የራሱ ጀርባ ይሆናልና። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቢላዋው ሲታይ ጮኸናል። ጅቡ ላይ ግን ማንም ጮኾ አያውቅም። ቢላዋው የሰው እጅ ስላለበት፣ ጅቡ ግን የተፈጥሮ ሥራ ስለሚመስለን ይሆን?

ብዙ አልጠይቅም። አህያ የሚገዛ ሰው ዋጋዋን ሲያሰላ መጨረሻዋንም ያስላ። ገጣባዋ ላይ እንዳይጭን፣ መርፌውን ከሠለጠነ እጅ እንዲያገኝላት፣ መዳን ሲያቅታት ባለሙያ ጠርቶ ማሳረፍ የሚያሳፍር ነገር እንዳይሆንበት። ባለሙያ በሌለበት ደግሞ ቢያንስ ጥላ፣ ውኃና እሳት አይንፈጋት። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን ሌላ ነገር ነው። «አስታመምኳት፤ አልዳነችም፤ አሳረፍኳት» ማለት። ሦስት ግሥ ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባለቤት «እኔ» ነው።